አሮጌ ቤት፣ ሞቅ ያለ ሰፈር፦ የአልጋና ቁርስ አያያዝ

ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪካዊ ቤት ውስጥ አልጋ የያዝኩት በፎቶ ተማርኬ ነው። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሁለት ረጃጅም መስኮቶች፣ ወደ ጎዳናው ብቅ ያለች ባለብረት ፍርግርግ በረንዳ። ማስታወቂያው «የቤቱ ምርጥ ክፍል» ይላል። አልዋሸም። ጣጣው የገባኝ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በረንዳዋ ሥር ጥቂት ወጣቶች ቆመው ስለ አንድ ጓደኛቸው የፍቅር ጉዳይ መከራከር ጀመሩ። እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እኔም ትራሴ ላይ ሆኜ ፈርጄ ጨርሻለሁ። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ባዶ ጠርሙስ የሚሰበስበው መኪና መጣ። አንድ በርሜል ሙሉ ጠርሙስ ብረት ላይ ሲገለበጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የቤቱን ባለቤት አልወቅሳቸውም። ክፍሉን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ጠዋት ስነግራቸው «የጓሮው ክፍል እኮ ባዶ ነበር፤ ፎቶው ስለማያምር ማንም አይይዘውም» አሉኝ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከዚያች «ባዶ ነበር» ከምትል ቃል ተነስቼ ነው። ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሦስተኛ ፎቅና አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ክፍሎች መንታ ናቸው። አሮጌ ቤት ውስጥ ግን አንዱ ክፍል የድሮ ሳሎን ነበር፣ ሌላው የልጆች መኝታ፣ ሌላው የሠራተኛ ማደሪያ። የምትይዙት ቤት አይደለም፤ ክፍል ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ። ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት፣ ባጭሩ ቢ ኤንድ ቢ፣ አልጋና ቁርስ ማለት ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ቁርሱ ከአልጋው ሒሳብ ጋር ይታሰባል፣ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ይኖራል። የእንግዳ ማረፊያ ማስያዣው ድረ ገጽ ኤርቢኤንቢ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መሥራቾቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተከራዩት ቤት ሳሎን ላይ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው እንግዳ አሳደሩ። «ኤር» የሚለው ያ ፍራሽ ነው።

1. ከመያዛችሁ በፊት ቤቱን ፎቅ በፎቅ አስቡት

የሰው ማመላለሻ ሊፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1857 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ የኤሊሻ ኦቲስ ሥራ። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የታሰበው ለእግር ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተራው የከተማ ቤት ሊፍት አልነበረውም። ሀብታም ደግሞ ደረጃ መውጣት አይወድም። ስለዚህ በተለይ በአውሮፓ ከተሞች ከጎዳናው አንድ ፎቅ ከፍ ያለው ወለል የጌቶቹ ነበር። ጣሪያው ከፍ ይላል፣ መስኮቱ ይሰፋል፣ ጌጡ ይበዛል። ጣሪያ ሥር ያለው ጠባብ ክፍል የሠራተኞቹ ነበር።

ይህን ካወቃችሁ ፎቶ ሳታዩም ብዙ ነገር መገመት ትችላላችሁ። አንደኛ ፎቅ ላይ ወደ ጎዳና የሚያየው ክፍል ከሁሉም ያምራል፤ ከሁሉም ይጮኻል። ጣሪያ ሥር ያለው ጸጥ ይላል፣ ከላዩም የሚራመድበት የለም። ግን ደረጃው ያስለከልካል፣ በሙቀት ወራትም እንደ ምጣድ ይግላል። ወደ ጓሮ የሚያየው ክፍል ጠበብ፣ ጨለም ይላል። እንቅልፍ ያለው እሱ ጋ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ተራ ወሬ ሲያወሩ ድምፁ በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል 60 አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ የሌሊት ድምፅ ከቤት ውጪ ሲለካ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ በ60 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት አራት እጥፍ ነው። ጠባብ ጎዳና ደግሞ ግራና ቀኙ ግድግዳ ስለሆነ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላተመ ወደ ላይ ይወጣል። ከሕንፃው ጀርባ ስትሆኑ ግን ቤቱ ራሱ ይጋርዳችኋል።

መስኮቱስ? ብዙ ከተሞች በታሪካዊነት የተመዘገበ ቤት መስኮት መቀየርን ይከለክላሉ፣ ወይም ፈቃድ አምጡ ይላሉ። ስለዚህ አንድ ስስ መስታወትና በዘመን ብዛት የሳሳ የእንጨት ፍሬም ልታገኙ ትችላላችሁ። ነገሩ የገባቸው ባለቤቶች የድሮውን ሳይነኩ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስኮት ያስገጥማሉ። በሁለቱ መካከል 10 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ክፍተት ካለ ድምፁን በደንብ ይይዘዋል። ማስታወቂያው ላይ ይህ ከተጻፈ ከባለመጋረጃ አልጋ ይበልጥ ደስ ይበላችሁ።

2. ሰፈሩን በካርታ ዙሩት

«ሞቅ ያለ ሰፈር» የሚለው ቃል ቀንና ሌሊት ሁለት ትርጉም አለው። ጉግል ካርታ ላይ የጎዳናውን ፎቶ ክፈቱና ከቤቱ ፊት ለፊት ቁሙ። ከታች ያለው ምንድን ነው? መጻሕፍት ቤት ከሆነ ማታ ይዘጋል። ባር ከሆነ ማታ ነው የሚከፍተው። ደጅ ላይ ወንበር የሚዘረጉ ቤቶችን ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ውስጥ ያለው ሙዚቃ አይደለም፤ ለማጨስ ደጅ የሚወጣው ሰውና ከተዘጋ በኋላ ለመለያየት የሚከብደው ጓደኛ ነው። ፎቶው የተነሳበት ዓመት ጥግ ላይ ስለሚጻፍ እሱንም እዩ። የአምስት ዓመት ፎቶ የዛሬውን ጎረቤት አያሳይም።

በሁለት መንገድ መታጠፊያ ላይ ያለ ቤት ድምፅ ከሁለት አቅጣጫ ይገባዋል። ዳገት ላይ ያለ ጎዳና የሞተር ጩኸት አለው። ትራም ካለ፣ ሐዲዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጎማው ያፏጫል። ከዋናው ጎዳና አንድ ቅያስ ብቻ ገባ ያለ ቤት ብታገኙ፣ ሰፈሩን ሳታጡ እንቅልፉን አገኛችሁ ማለት ነው።

ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ ማታን ሽሹ። ያው አልጋ ያው ቤት ማክሰኞ ሌላ ቦታ ይመስላል።

3. አስተያየቱን ከመሐል አንብቡ

አምስት ኮከብ የሚሰጠው ሰው ፍቅር ይዞታል። አንድ ኮከብ የሰጠው ተናዷል። ሦስትና አራት የሰጡትን አንብቡ፤ «ደስ ይላል፣ ግን…» የሚሉትን። ከ«ግን» በኋላ ያለው ነው ለእናንተ የተጻፈው። መፈለጊያው ላይ «ጫጫታ»፣ «ደረጃ»፣ «ሙቅ ውሃ» የሚሉትን ቃላት በቦታው ቋንቋ አስገቡ። የቅርብ ጊዜውን አስቀድሙ። የክፍሉን ስም ወይም ቁጥር የጠቀሰ አስተያየት ካገኛችሁ ወርቅ ነው፤ ገልብጣችሁ ያዙት።

4. ለባለቤቱ ጻፉ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይኸው ነው። አራት ክፍል ያለው ሰው አራቱንም እንደ ልጆቹ ያውቃቸዋል። የትኛው በር እንደሚንቋቋ፣ የትኛው ሻወር እንደሚንጠባጠብ ለመናገር መዝገብ አያገላብጥም። ግን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም። እኔ የምልከው እንዲህ ያለ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለሁለት ሰው ክፍል እንፈልጋለን። እንቅልፌ ቀላል ስለሆነ ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል ካለዎት እሱን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለኝም። አብራኝ የምትመጣው እናቴ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት እስከ ክፍሉ ስንት ደረጃ እንዳለ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። መታጠቢያው ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ኮሪደር ላይ? የምንደርሰው ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አመሰግናለሁ።»

«ጸጥ ያለ ክፍል እፈልጋለሁ» ብቻ ብትሉ «ሁሉም ጸጥ ያሉ ናቸው» የሚል መልስ ይመጣል። «ትንሽ ቢሆንም ግድ የለኝም» ስትሉ ግን ባለቤቱ ማንም የማይይዘውን ክፍል ለመስጠት ነፃ ይሆናል። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ሌሊት አትርፋልኛለች።

«ሊፍት አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የደረጃውን ቁጥር ጠይቁ። መደገፊያ አለው? ጠመዝማዛ ነው? የድሮ ጠመዝማዛ ደረጃ በውስጠኛው በኩል እግር የሚያስቆም ቦታ የለውም። ትልቅ ሻንጣ ይዞ መውጣት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

መታጠቢያ ቤት ሦስት ዓይነት ነው፣ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ክፍሉ ውስጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ከሌላ ክፍል ጋር የምትጋሩት። ሦስተኛው «የግል» ይባላል ግን ኮሪደር ላይ ነው፤ ቁልፉ የእናንተ ብቻ ነው፣ መንገዱ ግን የጋራ ነው። ቤቱ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ክፍል መታጠቢያ ማንም አላሰበም። በኋላ የገባው ከቁም ሣጥን ቦታ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጸጉር የማትታጠቡበት ሻወር ቢገጥማችሁ አትደነቁ።

አልጋውንም በሳንቲሜትር ጠይቁ። «ለሁለት ሰው» የሚባለው የድሮ አልጋ ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከ135 እስከ 140 ነው። ለአንድ ሰው ከ70 አያልፍም። የተቀረጸ እንጨት ያለው ጥንታዊ አልጋ ደግሞ እግሩ በኩል ሳንቃ አለው፤ ረጅም ሰው ከሆናችሁ ሌሊቱን ሙሉ በእግራችሁ ስታንኳኩ ታድራላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ የማስያዣ ድረ ገጾች ከባለቤቱ ላይ ኮሚሽን ይወስዳሉ፤ 15 በመቶ አካባቢ የተለመደ ነው። ስለዚህ ቤቱ የራሱ ገጽ ካለው በቀጥታ ስትይዙ ቅናሽ ባታገኙ እንኳ ክፍል የመምረጥ ዕድል ታገኛላችሁ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ድረ ገጽ ላይ ያገኛችሁት «ባለቤት» ከገጹ ውጪ ባንክ አስገቡልኝ ካለ እምቢ በሉ። በቀጥታ የምትከፍሉ ከሆነ ስልኩን ራሳችሁ ደውሉና አነጋግሩ። የስረዛውን ደንብም አንብቡ። አራት ክፍል ላለው ሰው አንድ እንግዳ መቅረት የዕለቱ ገቢ ሩብ መቅረት ስለሆነ ደንቡ ጠበቅ ቢል አይገርምም።

5. ሻንጣችሁን አቅልሉት

ሁለት ትንንሽ ቦርሳ ከአንድ ትልቅ ሻንጣ ይሻላል። ድንጋይ የተነጠፈበት ጎዳና የሻንጣ ጎማ ጠላት ነው፤ ደረጃውን አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ጨምሩበት፦ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ብዙ ጥንድ፣ ለስላሳ ነጠላ ጫማ፣ ለቦታው ሶኬት የሚሆን አዳፕተር፣ ረጅም ገመድ ያለው ቻርጀር። አሮጌ ክፍል ውስጥ ሶኬት አንድ ብቻ፣ እሱም ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሊሆን ይችላል።

አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ «100–240» የሚል ካለ የትም ይሠራል። የጸጉር ማድረቂያ ግን ብዙ ጊዜ ለአንዱ ብቻ ነው የተሠራው። ለ110 የተሠራውን 220 ላይ ከሰካችሁት ጭስ ታያላችሁ። ተዉት፣ እዚያው ተዋሱ።

6. የምትደርሱበትን ሰዓት አስታውቁ

እዚህ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሪሴፕሽን የለም። በሩን የሚከፍትላችሁ ሰው ቁርስ ለመሥራት በማለዳ የሚነሳው ያው ሰው ነው። ከዘገያችሁ ደውሉ። የማስያዣው መተግበሪያ ላይ ያለ መልእክት አይበቃም፤ ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ያዙ፣ ባትሪ ያልቃል።

ብዙ የድሮ ሰፈር ለመኪና ዝግ ነው። ያለ ፈቃድ የገባ መኪና በካሜራ ተቀርጾ ቅጣቱ በኋላ በፖስታ የሚመጣበት ከተማም አለ። ታክሲ የት ላይ እንደሚያወርዳችሁ፣ ከዚያ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሩም ላይ ትልቅ ታፔላ አትጠብቁ። ከስልክ የማትበልጥ የነሐስ ሰሌዳ ልትሆን ትችላለች።

7. የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ

ሻንጣውን አልጋ ላይ አትወርውሩ። መታጠቢያ ቤት ሴራሚኩ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብሩና አንሶላውን በራስጌ በኩል ግለጡ። የፍራሹን የስፌት ጠርዝ በጣታችሁ እየገለበጣችሁ እዩ። ቀጥሎ የአልጋውን ራስጌ መገጣጠሚያ እዩ። የምትፈልጉት ትኋን ነው። ያደገው 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው። እሱን ባታገኙት እንኳ በእስክሪብቶ ጫፍ እንደተነካ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ምልክቱ ነው። ትኋን የቆሻሻ ምልክት አይደለም፤ በእንግዳ ሻንጣ ነው የሚጓዘው፣ አምስት ኮከብ ሆቴልም ይገባል። ካገኛችሁ ሳትጮኹ ለባለቤቱ ንገሩ፣ ክፍል ቀይሩ። ካላገኛችሁ ሁለት ደቂቃ ነው የጠፋባችሁ።

ቀጥሎ ቁልፉን ተለማመዱ፤ ባለቤቱ እዚያው እያሉ። የድሮ ቁልፍ ፀባይ አለው። አንዱ በሩን ወደ ራስ ሳብ ሲያደርጉት ብቻ ይዞራል፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሌላው በግራ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣ የውጪው በር ላይ ቆሞ መለማመድ ምን እንደሚመስል እኔ ልንገራችሁ? አልነግራችሁም። ብቻ በቀን ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ።

ከዚያ ከክፍላችሁ በር እስከ ደረጃው ድረስ ስንት በር እንዳለ ቁጠሩ። አሮጌ ቤት እንጨት ነው፣ ደረጃውም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ጭስ ውስጥ ዓይን አይሠራም፤ የምትወጡት በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ነው፣ ያኔ ቁጥሩ ያስፈልጋችኋል። ጣሪያ ላይ የጭስ ጠቋሚ መኖሩን እዩ። ክፍሉ ውስጥ የሚነድ ምድጃ ወይም የጋዝ ማሞቂያ ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም መኖር አለበት። ይህ ጋዝ ይገድላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሌለ ምድጃውን አታስነዱ።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ አረፍ በሉና መስኮቱን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ስትንቀሳቀሱ እንደ ውሃ ከተወዛወዘ መስታወቱ የድሮ ነው። ዛሬ የምናውቀው ዝርግ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ ተንሳፍፎ የሚሠራ ነው፤ ይህ ዘዴ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በአፍ እየተነፋ ወይም በማሽን እየተሳበ ስለሚሠራ ሞገድ አለው። «መስታወት በዘመን ብዛት ወደ ታች ይፈስሳል» የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። አይፈስስም። ሲሠራም እንዲያ ነበር።

8. ከቤቱ ጋር መኖር

ሙቅ ውሃው ለሁሉም እኩል አይደርስም። ለምን እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ። ቦይለሩ 100 ሊትር ይያዝ፣ ውሃው 60 ዲግሪ ይሁን እንበል። ከቀዝቃዛው ጋር ተደባልቆ ለገላ የሚስማማ 180 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ሻወሩ በደቂቃ 9 ሊትር ካወረደ 20 ደቂቃ ነው። ለሁለት ሰው፣ ቢበዛ ለሦስት። የቀረው እንግዳ ይጮኻል። ባለ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ እንደገና ለማሞቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሁሉም ሰው ከቁርስ በፊት ባለችው አንዲት ሰዓት ውስጥ ስለሚታጠብ፣ ማታ መታጠብ ከለመዳችሁ ችግሩ አይነካችሁም።

መብራቱም እንዲሁ ነው። አንድ መስመር በ10 አምፔር ብሬከር ከተያዘ በ220 ቮልት 2,200 ዋት ብቻ ይሸከማል። የውሃ ማፍያው 2,000 ይበላል፣ የጸጉር ማድረቂያው 1,800። ሁለቱን አንድ ላይ ስትሰኩ ፎቁ ሁሉ ይጨልማል። ተራ በተራ ተጠቀሙ።

ጣውላ ወለል ነገር ያወጣል። ከናንተ በታች የተኛው ሰው ተረከዛችሁን ይቆጥራል፤ ነጠላ ጫማውን ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ደረጃ ስትወጡ መሐሉን ሳይሆን ግድግዳው ጥግ ያለውን ርገጡ። እንጨቱ እዚያ ጋ የተያዘ ስለሆነ ብዙም አይንቋቋም። እርጥብ ብርጭቆ ወይም ትኩስ ኩባያ ባዶ እንጨት ላይ አታስቀምጡ፣ ነጭ ክብ ይተዋል። ያ ጠረጴዛ ከእናንተም ከእኔም ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። የተጣበቀ መስኮት በጉልበት አትክፈቱ፣ ባለቤቱን ጥሩ።

9. ሌሊቱን ማለፍ

የጓሮውን ክፍል ካላገኛችሁ የመጨረሻው መከላከያ ጆሮ መድፈኛ ነው። ብዙ ሰው «አይሠራልኝም» የሚለው ስለማይገባለት ነው። በንጹሕ እጅ ስፖንጁን በሁለት ጣት መሐል እያሻሻችሁ እንደ ቀጭን ክብሪት እስኪሆን አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። በሌላኛው እጃችሁ ከጭንቅላታችሁ ጀርባ ዞራችሁ የጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። ይሄ የጆሮውን ቀዳዳ ቀጥ ያደርገዋል። አስገቡና በጣታችሁ ጫፍ 30 ሰከንድ ያዙት፤ ሲነፋ ይሰማችኋል። ከውጪ ግማሹ ተንጠልጥሎ ከታየ አልገባም፣ ድገሙት። ለጠዋት ስልካችሁን ንዝረት ላይ አድርጋችሁ ትራስ አጠገብ አኑሩት።

የእንጨት መዝጊያ ካለ ዝጉት፣ ወፍራሙን መጋረጃ ሳቡ። ድምፁን ብዙ አይቀንሱም፤ ብርሃኑን ግን ይቆርጡታል። በመስኮቱ ሥር ንፋስ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ፎጣ ጠቅልላችሁ ወትፉት። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅም ያስገባል።

እናንተም የሌላው ሰው ጫጫታ እንዳትሆኑ። አምሽታችሁ ስትመለሱ ወሬውን ደጅ ላይ ጨርሱ። እሱንም ከሰው መስኮት ሥር ባይሆን።

10. ቁርስ

የማትበሉት ነገር ካለ ስትይዙ ንገሩ፤ ጠዋት ሳህኑ ከቀረበ በኋላ አይደለም። የቁርስ ሰዓቱን አክብሩ። በማለዳ የምትወጡ ከሆነ ማታውኑ ተናገሩ፣ ብዙዎቹ ጠቅልለው ይሰጧችኋል።

ገበታው የጋራ ከሆነ አትሸሹት። ባለቤቱን ግን «የት እንሂድ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለሁሉም የሚሰጡትን ዝርዝር ይሰጧችኋል። «እርስዎ ራስዎ እሑድ ጠዋት የት ይሄዳሉ?» በሏቸው። ትንሽ ያስባሉ። ከዚያ የሚነግሯችሁን ቦታ የትም ተጽፎ አታገኙትም። ስለ ቤቱም ጠይቁ፦ ይሄ ክፍል ድሮ ምን ነበር? አንዴ እንዲህ ብዬ የልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ እያደርኩ እንደነበር አወቅሁ። ወለሉ ላይ፣ በጣውላዎቹ መሐል፣ የዛገ መርፌ አሁንም ይወጣል አሉኝ። ነጠላ ጫማዬን ከዚያ በኋላ አላወለቅሁም።

11. ስትወጡ

ከመውጫው ሰዓት አሥር ደቂቃ ቅደሙ፤ አልጋውን የሚያነጥፈው ያው ሰው ነው። የሰበራችሁት ወይም ያበላሻችሁት ነገር ካለ ሳይጠየቅ ተናገሩ። ቁልፉን በእጃቸው ስጡ። ያ ቁልፍ ከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚቀረጽ አይደለም፣ ኪሳችሁን ሁለቴ ዳስሱ።

አስተያየት ስትጽፉ «ደስ የሚል ቤት» ብላችሁ አትለፉ። የክፍሉን ስም ወይም ቁጥር፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚያይ፣ ያደራችሁት በሳምንቱ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ሙቅ ውሃው ስንት ሰዓት ላይ እንዳለቀ ጻፉ። ከቻላችሁ ደግሞ ያቺን ፎቶዋ የማያምረውን የጓሮ ክፍል ፎቶ አንስታችሁ ጨምሩ።